ኮዱ ጊትሀብ ላይ፣ ቲኬቱ ቢሮ ውስጥ

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አምስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። ኮዳችን ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ነው፤ የሥራ ቲኬቶቻችንን የምንይዘው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ በጫንነው ሬድማይን (የሥራ መከታተያ ፕሮግራም) ነው። ኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) ስናስገባ ቲኬቱ ላይ በራሱ እንዲጻፍ ዌብሁክ (ጊትሀብ ወደ ሰጠነው አድራሻ በራሱ መልእክት የሚልክበትን መንገድ) ብናበጅም መልእክቱ አይደርስም። የሰጠነው አድራሻ በ192.168 ይጀምራል። መብራት ሲጠፋስ የተላከው የት ይገባል?

መልስ፦ ያ አድራሻ ከራውተራችሁ ውጭ አይታወቅም፤ ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተመደበ ስለሆነ ጊትሀብ ሊያገኘው አይችልም። ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) ከፍቶ ሬድማይኑን ማጋለጥን ግን አንመክርም። ለመብራቱም አይበጅም። ጊትሀብ መልስ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ነው፤ ካጣ አልደረሰም ብሎ ይመዘግባል እንጂ በራሱ ደግሞ አይልክም። ከሪፖዚተሪው (ጊትሀብ ላይ ካለው የኮድ ማከማቻችሁ) ሴቲንግ ገብታችሁ በእጅ ማስላክ የምትችሉት ያለፉትን 3 ቀናት ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት ያመለጣችሁን ማክሰኞ ጠዋት አታገኙትም።

ስለዚህ ተቀባዩ ሌላ ይሁን። ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት የሚገኝ አድራሻ) ያለው ትንሽ ሰርቨር ተከራዩ። ሥራው ፊርማውን (መልእክቱ ከጊትሀብ መምጣቱን የሚያሳየውን ኮድ) ማረጋገጥ፣ መልእክቱን ማስቀመጥና ወዲያው 200 (ደርሷል) ብሎ መመለስ ብቻ ነው። የቢሮው ኮምፒውተር በየደቂቃው ወደዚያ እየደወለ የተጠራቀመውን ይወስዳል፤ ከኮሚቱ ጽሑፍ እንደ #214 ያለውን ቁጥር ፈልጎ በሬድማይን ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም ሬድማይንን የሚያዝበት መንገድ) ቲኬቱ ላይ ይጽፋል። ኤፒአዩን መጀመሪያ ከአስተዳዳሪው ሴቲንግ ማብራት አትርሱ። መብራት ሲመጣ ወረፋ ይዞ የቆየው ሁሉ በተራው ይገባል።

ዌብሁኩን ስታበጁ የመልእክቱን ቅርጽ ጄሶን አድርጉ፤ ፊርማው የሚሠራበትን ሚስጥራዊ ቁልፍ ደግሞ ባዶ አትተዉት። ያለ ቁልፉ አድራሻውን ያወቀ ማንም ሰው ቲኬታችሁን ሊዘጋ ይችላል። ፊርማው በሻ-256 (በስሌት ዘዴው ስም) የሚሰላው በደረሰው ጥሬ ባይት ላይ ነው፤ ጄሶኑን ፈታችሁ እንደገና ከጻፋችሁት አይገጥምም። አንድ ስህተት በተለይ አማርኛ የሚጽፉትን ያደናግራል፦ ፕሮግራሙ መልእክቱን በዩቲኤፍ-8 ሳይሆን በሌላ ኢንኮዲንግ (ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት ሌላ ሥርዓት) ካነበበው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ኮሚት ያልፋል፤ «የክፍያ ገጹ ተስተካክሏል #214» የሚለው ግን ፊርማው ሐሰት ነው ተብሎ ይመለሳል። አንዱ ገብቶ አንዱ ከቀረባችሁ መጀመሪያ ይህንን እዩ።

አንድ ኮሚት በሥራ ብራንች (ከዋናው ተለይቶ በሚሠራበት የኮድ ቅርንጫፍ) ተልኮ በኋላ ወደ ዋናው ሲቀላቀል ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፣ የጻፋችሁትን የኮሚት መለያ መዝግባችሁ የተደገመውን ዝለሉ። መዝለል ያለባችሁ ግን አስተያየቱን ብቻ ነው፤ ኮሚቱ ዋናው ብራንች ላይ ሲደርስ ቲኬቱ በራሱ እንዲዘጋ ካደረጋችሁ፣ ሁለተኛውን መልእክት ጨርሶ ከጣላችሁት ቲኬቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል።