ስለ ቤንዚዲን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ቤንዚዲን ምንድን ነው? ቀለም አምራቾችስ ለምን ፈለጉት?

መልስ፦ ከናይትሮቤንዚን ተነሥቶ የሚሠራ፣ አየርና ብርሃን ሲያገኘው የሚጠቁር ነጣ ያለ ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል ቦቲገር ኮንጎ ሬድ የተባለውን ቀይ ቀለም ሠራበት። ኮንጎ ሬድ ጥጥን አስቀድሞ ቀለም በሚያስይዝ ጨው መዘፍዘፍ ሳያስፈልግ በቀጥታ ስለሚያቀልም ሥራውን አቃለለ፤ ዋጋውንም ቀነሰ።

ጥያቄ፦ ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጧል?

መልስ፦ አዎን። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት፣ ማለትም ከምድብ 1 ውስጥ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ1895 የፍራንክፈርቱ ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር ማየቱን ሲገልጽ ጥፋቱን በሌላው የቀለም ጥሬ ዕቃ በአኒሊን ላይ ጥሎ ነበር፤ የኋላው ምርምር ግን ይበልጥ ተጠያቂዎቹ ቤንዚዲንና 2-ናፍታይላሚን የተባለው ሌላ የቀለም ጥሬ ዕቃ መሆናቸውን አሳየ። በሽታው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ በሽንቱ ውስጥ ደም ሲያይ የቀድሞ ሥራውን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል። ቤንዚዲን በቆዳም ስለሚገባ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ከተሠራ በኋላስ ቤንዚዲኑ አልቆ የለም?

መልስ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቤንዚዲኑ በቀለሙ ሞለኪውል ውስጥ በናይትሮጅን ድርብ ትስስር ተይዞ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም፤ የአንጀት ባክቴሪያዎችና የጉበት ኢንዛይሞች ትስስሩን ሲበጥሱት ተመልሶ ነጻ ይወጣል። በእነዚህ ቀለሞች በሚሠሩ ሰዎች ሽንት ውስጥ ቤንዚዲን የተገኘውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዱቄቱን መዝኖ ወደ ማቅለሚያ ገንዳ የሚጨምረው ሠራተኛ ከአምራቹ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ሊሠራ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የለበስኩት ልብስ ያሰጋኛል?

መልስ፦ የለባሹ ተጋላጭነት ከሠራተኛው ጋር አይወዳደርም። የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ በሚነካ ጨርቅ ላይ ካለ ቀለም ለሚወጣ ቤንዚዲን ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም ነው። ቤተ ሙከራው ጨርቁን ቆራርጦ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሶዲየም ዳይቲዮናይት በተባለ ኬሚካል ትስስሩን ይበጥስና የወጣውን ይለካል። ከሐዋሳም ሆነ ከሌላ ቦታ ወደ አውሮፓ የሚላክ ልብስ ለዚሁ ሕግ ተገዢ ነው።

ጥያቄ፦ ማቅለሚያ ስገዛ ምን ልመልከት?

መልስ፦ የንግድ ስም ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ በእሱ አይመኑ፤ የቀለም መለያ ቁጥሩን ይጠይቁ። ዳይሬክት ብላክ 38፣ ዳይሬክት ብሉ 6ና ዳይሬክት ብራውን 95 ከቤንዚዲን የተሠሩ ናቸው። መለያው ያልተጻፈበትን ከረጢት እኔ በርካሽም ቢሆን አልገዛም።