«የምርምር ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም በምን እንመዝነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንዲት እህታችን የለጠፈችው ጥያቄ በአንድ መስመር የሚታለፍ አልመሰለኝም። ለማስተርስ ያሰበችው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ «የምርምር ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ተመድቧል። በየመድረኩ «ግንባር ቀደም የምርምር ተቋም ለመሆን እየተጋን ነው» ይላል። እውነት እየሄደበት መሆኑን በምን ልወቅ? ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ነው ያለችው።

እኔ ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ተምሬያለሁ። እዚያው ባዮሜዲካል ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አስተምሬያለሁም። ስሙን ልተወው። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ምደባውን ቶሎ ልለፈው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከወጣ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በተልዕኮ ተለዩ። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና አርባ ምንጭ የምርምር ተባሉ። አዲስ አበባና አዳማ ያሉት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለብቻቸው ቆሙ፤ የቀሩት በሌሎች ምድቦች ገቡ። ይህ ያለው አቅም ታይቶ የተሰጠ የቤት ሥራ ነው። የቤት ሥራው መሠራቱን ስሙ አይነግርሽም።

ቀጥሎ የሚነግሩሽ ቁጥር ነው። «ዘንድሮ ይህን ያህል ጽሑፍ አሳተምን፣ በዓለም ደረጃ ይህን ያህል ከፍ አልን» ይሉሻል። ቁጥሩ ውሸት ነው አልልም። ግን አንድ መምህር ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማለፍ ማሳተም አለበት። ገንዘብ የለም፣ ላቡ ባዶ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? መጠይቅ ይበትናል። በጤናው ዘርፍ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ «የእገሌ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በእገሌ ከተማ»። የከተማውን ስም ቀይሮ ሌላው ይደግመዋል። ከዚያ ደግሞ ሦስተኛው ሰው ሁሉንም ሰብስቦ ሜታ አናሊሲስ (የጥናቶቹን ውጤት አንድ ላይ አዋህዶ የሚያሰላ ጥናት) ይሠራል። አንዳንዱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በጅምላ ሲታይ ግን የዩኒቨርሲቲውን አቅም አያሳይም፣ የመምህራኑን የደረጃ እድገት መመሪያ ነው የሚያሳየው። ብር ከፍለሽ በሳምንት የሚያወጡልሽ ጆርናሎችማ የታወቁ ናቸው።

የደረጃ ሰንጠረዡም የራሱ ጣጣ አለው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጋራ የሚጽፏቸው ዓለም አቀፍ ጥናቶች አሉ። ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። ጥቂት ጽሑፍ ብቻ ያለው ተቋም ሁለት ሦስት መምህራኑ እዚያ ውስጥ ስማቸው ከገባ የጥቅስ ነጥቡ ይተኮሳል። መምህራኑ መግባታቸው ጥሩ ነው። ግን ላቡ ውስጥ አንዲት ፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ) አልጨመረም።

እኔ የምመክርሽ ግዢውን እንድታዪ ነው። አዎ፣ ግዢ ክፍሉን። በኛ አገር ምርምር የሚሞተው እዚያ ነው። ፕሮፖዛልሽ ጸድቆ በጀት ተለቀቀ እንበል። ሪኤጀንቱ (ለምርመራ የሚያስፈልገው ኬሚካል) አገር ውስጥ አይመረትም፤ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ግዢው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዚያ ጨረታ፣ ከዚያ የጨረታ ኮሚቴ። ኮሚቴው ወንበርና ኮምፒውተር የገዛበትን ዓይን ይዞ ነው አንቲቦዲን የመሰለ ስስ የላብ ግብዓት የሚገዛው። ዋጋው የረከሰው ያሸንፋል። አንቺ የጻፍሽው ዓይነት መሆኑን ማን ያጣራ? ይህ ሁሉ ሲንከባለል ሰኔ 30 ይደርሳል፤ ያልተጠቀምሽበት የመንግሥት በጀት ይመለሳል። በሰኔ የሚታየውን የግዢ ሩጫ ያየ ሰው ያውቀዋል።

እቃው ደርሶም አላለቀም። እኔ በነበርኩበት ላብ በቅዝቃዜ መምጣት የነበረበት የምርመራ ኪት ጉምሩክ ቆይቶ፣ በረዶው ቀልጦ፣ የመጠቀሚያ ጊዜውም ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው እጃችን ገብቷል። የተመረቀበት ፕላስቲክ ሳይገፈፍ የቆመ ማሽንም ነበረን። በእርዳታ የመጣ ነው። የሚጠግነው መሐንዲስ አገር ውስጥ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩን በጄኔሬተር የሚያድነው ደግሞ አንድ ቴክኒሽያን ነበር። የትኛው ናሙና የት እንዳለ የሚያውቀውም እሱ ነው። ፕሮፌሰር ቢለቅ ያማል፤ እንዲህ ዓይነቱ ቴክኒሽያን ከለቀቀ ግን ላቡ በቁሙ ይዘጋል። የእድገት መሰላል የሌለው ሥራ ስለሆነ ደግሞ ይለቃል።

የራስ ገዝነት (ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡንና አስተዳደሩን በራሱ የመምራቱ) ነገር እዚህ ጋ ነው ትርጉም የሚኖረው። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ብዙ ሰው የክፍያ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ስጋቱም ይገባኛል። ለተመራማሪ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገንዘብ በራሱ ደንብ አውጥቶ ሪኤጀንቱን በወራት ሳይሆን በሳምንታት ማስገባት ይችላል ወይ? ይህ ካልተቀየረ ራስ ገዝነቱ ማኅተም ላይ ይቀራል።

የላብ ጥራት ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ በእንዶድ ታሪክ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ነበር። ከዚያ እንግዳ ነገር የለም፤ ተማሪ፣ ላብ፣ ዓመታት። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። በግኝቱና በሽልማቱ መካከል 25 ዓመት አለ። አንዱ ትልቅ እንቅፋት እዚህ የተሠራው የመርዛማነት ምርመራ በውጭ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት አለማግኘቱ ነበር። ግኝቱ የኛ ሆኖ ማረጋገጫውን ሌላ አገር መለመን ይኸው ነው። ዕውቅና ያለው፣ መዝገቡ የሚታመን ላብ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ዛሬም እዚያው ነው።

ተስፋ የሚሰጠውንም ልንገርሽ። በዚህ አገር የፕሮጀክት ገንዘብ ሲያልቅ አብሮ የማያልቅ ሥራ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን እየተከታተለ ልደቱን፣ ሞቱን፣ ሕመሙን መዝግቧል። ጎንደር ዳባት ላይ፣ ጅማ ደግሞ ግልገል ግቤ አካባቢ የየራሳቸውን ማዕከል ከፍተዋል። መረጃ ሰብሳቢው ቤት ለቤት ይሄዳል፤ ዜና የሚሆን ነገር የለውም። ግን ቡታጅራ ላይ የተሠሩት የአእምሮ ጤና ጥናቶች በዓለም የሚጠቀሱ ናቸው። ለዚያ መሠረቱ የተከማቸው ትዕግሥት ነው። የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስፔሻላይዜሽንም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጀመር ሐኪሞቹ እዚሁ ሰልጥነው፣ እዚሁ ታካሚ እያዩ፣ እዚሁ መመራመር ቻሉ። ለኔ እድገት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ዩኒቨርሲቲውን እርሺውና የትምህርት ክፍሉን ምረጪ። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ክፍል ዓለም የሚያውቀው፣ ጎረቤቱ ደግሞ በሩን ቆልፎ የተኛ ሊሆን ይችላል። በሥራ ቀን ሳትናገሪ ሂጂ። ኃላፊውን አትጠይቂ፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቹን ጠይቂ። አማካሪያቸውን በወር ስንቴ ያገኙታል? ቴሲሳቸው ላይ የዘገዩት በምን ምክንያት ነው? «ሪኤጀንት እየጠበቅን» ካሉሽ ልብ በይ። የቆዩ ቴሲሶችን ርዕስ አገላብጪ፤ አንዱ ያቆመበትን ሌላው የቀጠለበት መስመር ካየሽ ጥሩ ምልክት ነው። ሁሉም የተበታተነ ከሆነ እያንዳንዱ ተማሪ ከዜሮ ነው የጀመረው ማለት ነው። አማካሪሽ የሚሆነው ሰው ግራንት (የምርምር ድጋፍ ገንዘብ) ካለው ገንዘቡ መቼ እንደሚያልቅም ጠይቂው። አይቀየምሽም፤ ከተቀየመ ደግሞ ቀድመሽ ማወቅሽ ይሻላል።

ሥራሽ ላብ የማይፈልግ ከሆነ ግማሹ ጭንቀቴ አንቺን አይመለከትም። ያኔ ኢንተርኔቱንና የጆርናል መዳረሻውን አጣሪ፣ ሌላው በአማካሪሽ ላይ ይወሰናል። የትምህርት ክፍሉን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ እዚያ የማውቀው ሰው ካለ አገናኝሻለሁ።