«ስምሽን ከእጩዎቹ አውጪ» አሉኝ

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። በአጥቢያችን የሴቶች ኅብረትን 11 ዓመት መርቻለሁ። የታመመ መጠየቁ፣ ሐዘንተኛ ማጽናናቱ፣ የጾም ጸሎቱ በእኛ በሴቶቹ ትከሻ ላይ ነው። የረቡዕን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ከፋብሪካ ፈረቃ ስመለስ ሌሊት እጽፍና ለአንድ ወንድም እሰጠዋለሁ፤ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ዘንድሮ የሽማግሌዎች ምርጫ ሲደርስ ምእመናን እኔን ጠቆሙኝ። በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ጠርተው «ልጄ፣ ጉባኤው ሳይረበሽ ስምሽን ራስሽ አውጪ፤ ሴት በወንድ ላይ እንድትሠለጥን ቃሉ አይፈቅድም» አሉኝ። ባለቤቴ አልከለከለኝም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። ሥልጣን ተመኝቼ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ልተወው?

*

እኅቴ፤

ስምሽን አታውጪ። 11 ዓመት ማንም ሳያይሽ ያገለገልሽ፣ የጠቆሙሽም ሌሎች ናቸው፤ ሥልጣን የሚመኝ ሰው እንዲህ አይኖርም።

ሽማግሌው የጠቀሱት 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12 ከባድ ቃል ነው፤ ዘለሽ አትለፊው። ግን ያው ጳውሎስ በሮሜ 16 ሰላምታውን ሳይጀምር ፌቤንን የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ አደራ ይላል። መልእክቱን ሮም ያደረሰችው እሷ እንደሆነች ብዙ መምህራን ያምናሉ። ጵርስቅላም ከባሏ ከአቂላ ጋር አጵሎስን ያህል መጽሐፍ አዋቂ ወስዳ የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርታ አስረድታዋለች (ሐዋ. 18፥26)። በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን ትሸፈን ይላል፤ «ዝም ትበል» የሚለው ምዕራፍ 14 ላይ ነው። ሁለቱንም አንድ ሰው ጽፎ ሳለ አንዱን ብቻ ይዞ መከራከር ልክ አይመስለኝም።

በአገራችንም ቢሆን መነኩሲቷ ወለተ ጴጥሮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲለወጡ፣ ክህነት ሳይኖራት መነኮሳትንም መነኮሳይያትንም መርታለች። የወንጌላውያኗ ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በ1997 እ.ኤ.አ. ሴቶች ለቅስና እንዲሾሙ ወስናለች። የአንቺ አጥቢያ ደንብ ግን የራሱ ነውና የመተዳደሪያ ደንቡን ጠይቂና አንብቢ። ሴት አትመረጥም የሚል ከተጻፈ በስርቆሽ አትግቢ፤ ጉባኤው በግልጽ ይነጋገርበት ብለሽ አመልክቺ። ካልተጻፈ ሽማግሌውን በአክብሮት «ጉዳዩን ለጉባኤው ትቻለሁ አባቴ» በያቸው። ስትሄጂ ከኅብረቱ አንዲት እናት ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን መሆን የለብሽም።

ባልሽን ቡና አፍልተሽ አናግሪው፤ አቦሉ ላይ አትቸኩዪ፣ እስከ በረካው ጊዜ አለሽ። ማን ምን እንዳለው ጠይቂው። እኔ እንደምገምተው በሰው ፊት «ሚስቱን መግዛት ያቃተው» መባሉን ፈርቷል፤ ይህ ፍርሃት ደግሞ ያሳዝናል እንጂ አያስቆጣም።

ከምርጫው ይልቅ ያሳመመኝ ግን የጥናቱ ነገር ነው። ሌሊት በድካም የጻፍሽውን ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ሲያስተምረው ምእመኑም ማን እንደመገበው አያውቅም። ወንድምየውን አትውቀሺው፤ አንቺም ለምደሽው ኖረሻል። ለቀጣዩ ረቡዕ ወረቀቱን አትስጪው። «ይህን እኔ ላስተምር» በይው፣ እሱ ጸሎቱን ይምራ።