ካፑ ፈንድቶ ባሩዱ ሲከሽፍ፦ 209 ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ ካሊበር .50 ኢንላይን ጠመንጃ ከሰው ላይ ገዛሁ። የሚጠቀመው ቁጥር 11 ካፕ (ሲመታ ፈንድቶ እሳት የሚሰጥ ትንሽ ቆብ) ነው። ባሩዴ የጥቁር ባሩድ ምትክ የሆነው ፓይሮዴክስ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ኤልክ ፊቴ ቆሞ ቃታ ስስብ ካፑ ጧ አለ፣ ባሩዱ ግን ዝም። አንዳንዴ ደግሞ ዘግይቶ ይተኩሳል። ካፑን ትቼ ወደ 209 ፕራይመር (የሾትገን ማቀጣጠያ) መቀየሪያውን ኪት ልግዛ?»

መልስ፦ መግዛቱን አልከለክልህም ወንድሜ። ግን ኪቱ ገንዘብህን በልቶ ችግሩ እዚያው ሊቀር ይችላል። ካፑ ከፈነዳ መምቻው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። እሳት ተነስቷል፤ ባሩዱን ሳያቀጣጥል ነው የቀረው። እኔ መጀመሪያ የምፈትሸው በካፑና በባሩዱ መሃል ያለውን ያንን አጭር መንገድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። «ዘግይቶ ይተኩሳል» ያልከኝ ከመክሸፉ የበለጠ አስፈርቶኛል። ቃታ ስበህ ዝም ካለ፣ ጠመንጃውን ከትከሻህ ሳታወርድ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቅ። ኤልኩ ይሂድ። «ምን ነካው?» ብሎ ወዲያው ካፑን የሚመታውን ቦልት መክፈት ወይም ወደ አፈሙዙ ማጎንበስ ሰው ይገድላል።

ወደ ፍተሻው እንግባ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ጥይቱን ወደ ታች በምትገፋበት ዘንግ አረጋግጥ እንጂ በግምት አትሂድ። ዘንጉ ባዶ በርሜል ውስጥ እስከ ታች ሲገባ በአፈሙዙ ልክ ምልክት አድርግበት። ባሩድና ጥይት ጎርሶ ሳለ የሚቆምበትም ላይ ሌላ ምልክት አድርግ። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ሁልጊዜ ዘንጉ ላይ ይኑሩ።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ ውጭ ወጥተህ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርገህ፣ አፈሙዙን ወደ አንድ ሣር አስጠግተህ ካፕ ብቻ ተኩስ። ሣሩ ከተወዛወዘ መንገዱ ክፍት ነው። ንቅንቅ ካላለ ተደፍኗል።

ብዙ ጊዜ የሚደፍነው ዘይት ነው። ሰው ጠመንጃውን ወልውሎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በሰደፉ ያቆመዋል። ዘይቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ወርዶ ካፑ የሚቀመጥበት ኒፕል ጋ ይጠራቀማል። እዚያ ከባሩድ ቅሪት ጋር ተደባልቆ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ኒፕሉንና ብሪች ፕለጉን (የበርሜሉን ኋላ የሚዘጋውን ውታፍ) ፈትተህ አንድ በአንድ ወደ መብራት አንሳቸው። ቀዳዳው ክብና ጥርት ያለ ብርሃን ማሳየት አለበት። ብርሃኑ ከጠበበ ወይም ጠርዙ ከተቆራረሰ መልሱን አገኘህ። ቅሪት ከሆነ በቀጭን ሽቦ ጠርገህ፣ በአልኮል አጥበህ፣ አድርቀው። ኒፕሉ ተበልቶ ከሆነ ቀይረው፤ ርካሽ ዕቃ ነው። ከእንግዲህ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጥ። በአደን ቀንም ከማጉረስህ በፊት አንድ ሁለት ካፕ በባዶው ተኩስ፤ የቀረ ዘይት ካለ ያደርቀዋል።

ካፑ በመጀመሪያው ምት እምቢ ብሎ በሁለተኛው የሚፈነዳ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ካፑ ኒፕሉ ላይ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም፤ የመጀመሪያው ምት ካፑን በመግፋት ብቻ ያልቃል። የካፑን ሥሪት መቀየር ብቻውን የሚፈታው ጊዜ አለ።

ባሩድህንም አትርሳ። ፓይሮዴክስ ለመቀጣጠል ከእውነተኛው ጥቁር ባሩድ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ጥይቱም ባሩዱ ላይ በደንብ ተጭኖ መቀመጥ አለበት። በመሃል ክፍተት ከቀረ መክሸፉ ቀላሉ ነገር ነው፤ በርሜል ሊፈነዳ ይችላል። ዘንጉ ላይ ያለው ሁለተኛው ምልክት የሚያገለግልህ እዚህ ጋ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከከሸፈ፣ ያኔ ስለ መቀየር እናውራ። ቁጥር 11 ደካማ ነው ብለህ አትነሳ። ጠመንጃ ሠሪው ቶኒ ናይት እ.ኤ.አ. በ1985 ኤምኬ-85 የተባለውን ኢንላይን ጠመንጃ ሲያወጣ በዚሁ ካፕ ነበር፤ ብልሃቱ ካፑን ከባሩዱ ጀርባ በቀጥታ መስመር ላይ ማድረጉ ነው። የአንተም እንደዚያ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የመስኬት ካፕ የሚቀበል ኒፕል እሞክራለሁ። ካፑ ትልቅ ነው፣ እሳቱም ይበረታል። ጓንት አድርገህም ትይዘዋለህ፤ በኮሎራዶ ጠዋት ብርድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብቻ ጥርሱን አጣራ። አንዳንዱ ኒፕል በኢንች 1/4-28 ነው፣ ሌላው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሜትሪክ። በዓይን አይለዩም። የማይሆነውም ትንሽ ዙሮ ከዚያ ይይዛል። ከያዘ በመፍቻ አታስገድደው፤ የምታበላሸው ብሪች ፕለጉን ነው። ትልቁ ካፕ ቦልቱ ውስጥ ቦታ ማግኘቱንም እይ።

209 የሾትገን ፕራይመር ነው። እሳቱ ከሁሉም ይበልጣል። ብላክሆርን 209 የተባለውን ባሩድ መጠቀም ከፈለግህማ ግድ ነው። ነገር ግን ኪቱ ፋብሪካው ለአንተ ሞዴል ብሎ የሠራው ይሁን። ብሪች ፕለጉም የቦልቱ ጫፍም አብረው ነው የሚቀየሩት። የነበረውን ቀዳዳ በድሪል አስፍቶ «ራሴ ሠራሁት» የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ እሱ ሲተኩስ አጠገቡ አትቁም። ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ነው የሚመጣው። ከገጠምክ በኋላ ፕራይመሩና ቦልቱ መሃል ክፍተት ካለ ቦልቱ ላይ ጥላሸት ታያለህ። እንደዚያ ካየህ መተኮስህን አቁመህ ለባለሙያ አሳየው። የፕለጉንም ጥርስ ለዚሁ የተሠራውን ግሪስ ቀባ፤ አለበለዚያ ተጣብቆ አይፈታልህም።

አንድ ደስ የማይል ነገርም አለው። አንዳንድ ኃይለኛ 209 ባሩዱ በቅጡ ሳይነድ ጥይቱን ገፋ ያደርገዋል፣ ዒላማህም ይበተናል። ለእንደዚህ ዓይነት ጠመንጃ ተብለው ለስለስ ተደርገው የተሠሩ 209ዎች አሉ፤ ከእነሱ ጀምር። 209 ገጠምኩ ብለህ ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድ እንዳትሞክር። ጠመንጃህ ለእሱ አልተሠራም።

ሕጉን በተመለከተ፣ ኮሎራዶ በአፈሙዝ ጎራሽ የአደን ወቅት 209ን አትከለክልም፤ እንክብል ባሩድን ግን ትከለክላለች። ስለዚህ የሚሰፈረውን ብትን ባሩድ ያዝ። ወደ አይዳሆ ተሻግረህ ካደንክ ግን በአፈሙዝ ጎራሽ ብቻ በሚታደንበት ወቅት 209 አይፈቀድም። የድሮውን ፕለግና ኒፕል አትሽጥ፣ አትጣል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚታደስ ፈቃድ ስታወጣ የዘመኑን መመሪያ አንብብ።