«ከአሞሌው ሥር» ወይስ «ከአሞሌው በታች»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሥራዬ የሞባይል መተግበሪያ መሥራት ነው። ለጀማሪዎች በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ዐረፍተ ነገር አስቸገረኝ። የገጹ ይዘት ከላይ ባለው የአሰሳ አሞሌ (በእንግሊዝኛ «ናቪጌሽን ባር»፣ የገጹ ርዕስና የመመለሻ ቁልፉ ያሉበት መስመር) ተሸፍኖ እስከ ስክሪኑ ጫፍ እንዲዘረጋ ማድረግ ይቻላል፤ አሞሌው ካበቃበት እንዲጀምር ማድረግም ይቻላል። የመጀመሪያውን «ይዘቱ ከአሞሌው በታች ይዘርጋ» ብዬ ብጽፈው ባልደረባዬ ሁለተኛውን ተረዳ። ምን ልበል? «የአሰሳ አሞሌ» የሚለውስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ የተረዳው በትክክል የጻፉትን ነው። «በታች» እና «ሥር» እንደ አንድ ቃል መቆጠራቸው ዘወትር የሚከነክነኝ ጉዳይ ነው። «ታች» ከግእዙ «ታሕት» የወረደ ነው፤ የሚናገረው ስለ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ነው። «ሥር» ግን «ሥርው» ነው፤ አፈር የለበሰው የተክል አካል። ስለዚህ ከላዩ የሚሸፍነው ነገር ይፈልጋል። እርስዎ አራተኛ ፎቅ ቢኖሩ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤትዎ «ከእኛ በታች» ነው፤ «ከእኛ ሥር» ቢሉት አለቃው የሆኑ ይመስላል። ጫማዎ ግን «ከአልጋው ሥር» ነው፤ ለማየት ጎንበስ ማለት ያሻል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን «ይዘቱ ከአሞሌው ሥር ይዝለቅ»፣ ሁለተኛውን «ይዘቱ ከአሞሌው በታች ይጀምር» ይበሉ። ግሱም አብሮ መለወጡን ልብ ይበሉ።

ልዩነቱ የቃላት ጌጥ አይደለም። የአይፎን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሰባተኛ እትሙ አሞሌዎቹን ብርሃን አሳላፊ አድርጎ ይዘቱን ከሥራቸው አሳለፈ፤ በየትኞቹ ጎኖች እንደሚዘልቅ የሚወስነው ግን መተግበሪያውን የሚሠራው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አንድሮይድ 15 ደግሞ ለእርሱ ተብለው በሚሠሩ መተግበሪያዎች ላይ ይህንኑ መነሻ ደንብ አደረገው። መመሪያዎን በተሳሳተ ቃል ያነበበ ጀማሪ «ገንዘብ ላክ» የሚለውን ቁልፍ ከታችኛው አሞሌ ሥር ቀብሮ ሊተወው ይችላል። ለዚህ አሠራር «ከዳር እስከ ዳር» የሚል የቆየ አነጋገር ስላለን አዲስ ቃል አንፍጠር።

«ከአሞሌው ጀርባ» እንበል የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። ጀርባ ፊት ላለው ነገር ነው፤ የስልክ ጀርባ ሲባል ደግሞ ሰው የሚያስበው ሽፋኑን ነው።

ስለ «አሞሌ» አይጠራጠሩ። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመል ተጭኖ የሚወጣው፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለገለው ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ጨው ነው። ቅርጹን ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል። «ባር» ይሻላል የሚለው ወገን ይህ ቃል በከተማችን መጠጥ ቤት መሆኑን ይዘነጋል።

የሚከብደኝ «አሰሳ» ነው። «አሰሰ» ጥሩ ግስ ነው። ጣፎ ባለው ቤታችን ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር፣ ሊጡ ከመፍሰሱ በፊት ማሰሻዋን ይዛ ምጣዱን ትዞረዋለች፤ አንድም ቦታ አይቀራትም። ጣት በመስተዋት ላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አገር የሚያስሰውን ተጓዥም «አሳሽ» እንለዋለን። ማስረጃው ሁሉ ለቃሉ ይመሰክራል። ነገር ግን በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት የተደረገውን አሰሳ ያለፈ ትውልድ በዚህ ቃል በር ሲንኳኳ ይሰማዋል፤ እኔም ከዚያ ትውልድ ነኝ። «መምሪያ አሞሌ» ቢባል እመርጥ ነበር።

ሆኖም ስልኮቹ «የአሰሳ አሞሌ» ብለው አስለምደውታል፤ መመሪያዎን የሚያነቡት ወጣቶችም ሌላ ስም አያውቁለትም። ስለዚህ «የአሰሳ አሞሌ» ብለው ይጻፉ፤ «በታች» ያሉትን ግን ዛሬውኑ ያርሙት።