መቋሚያ ይዞ ቤት ውስጥ መለማመድ ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። ዲያቆን ነኝ፤ ጾመ ድጓ (የዐቢይ ጾሙን ዜማ) ተምሬ አሁን አቋቋም፣ ማለት የማኅሌቱን የመቋሚያና የከበሮ ሥርዓት፣ ጀምሬያለሁ። ዜማው አይጠፋኝም፤ መቋሚያ ይዞ እየተወዛወዙ የሚዜመው ዝማሜ ላይ ስንደርስ ግን ሰውነቴ ይደርቅና ከሰልፉ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ማታ ማታ ቤቴ መቋሚያ ይዤ ልለማመድ ብል ጓደኞቼ «ያለ ማኅሌት መወዛወዝ ዘፈን ነው፤ ኃጢአት ይሆንብሃል» አሉኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ እንዴት ልለማመድ?

መልስ፦ ልጄ፣ ኃጢአት አይደለም። ዳዊት በእግዚአብሔር ፊት በሙሉ ኃይሉ ይዘፍን እንደነበር በ2ኛ ሳሙኤል 6፥14 ተጽፏል። በቅኔ ማኅሌት (መዘምራን በሚቆሙበት የቤተ ክርስቲያን ክፍል) የሚቆመውም ሁሉ ተማሪ ቤት ተለምዶ የመጣ ነው፤ መረግድ (በከበሮ የሚዘመረውን ስልት) እያወቀ የተወለደ የለም። የሚያስጠይቅህ ለታይታ ስትወዛወዝ ነው፣ ይልቁንም ስልክ ደቅነህ ስትቀርጸው። አማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገም፣ ከዚያ ሥራህን ሥራ።

ብዙ ጊዜ ሰውነትን የሚያደርቀው እጅ ነው። መቋሚያውን ጨምድደህ ስትይዘው ክንድህ ይገተራል፣ ትከሻህ ወደ ጆሮህ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ወገብህ አይታዘዝም። ጣቶችህ እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ይያዙት። ቁመቱንም እይ፤ ራሱ ደረትህ ጋ ካልደረሰ ትጎብጣለህ፣ ከአገጭህ ካለፈ ክንድህ ቶሎ ይዝላል።

ቀጥሎ ጉልበት። ተገትሮ ከቆመ እንቅስቃሴው ሁሉ ከትከሻ ይሆንና ስብርብር ይላል። መጀመሪያ መቋሚያውን አስቀምጠው። እግርህን በትከሻህ ስፋት ከፍተህ፣ ጉልበትህን ጥቂት ሰበር አድርገህ፣ ክብደትህን ከቀኝ እግር ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልህ አሻግር። እግርህን አትይ፤ አንገትህ ሲደፋ ጀርባህም ይከተለዋል። በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። ይህ ያለ ሐሳብ ሲሆንልህ መቋሚያውን ያዝ፤ ክብደትህ ወዳለበት እግር እርሱም አብሮ ያዘንብል። ክንድህ ከእግርህ ከቀደመ ፍጥነትህን በግማሽ ቀንስ።

«ዜማው አይጠፋኝም» ያልኸውን ግን እጠራጠራለሁ። ውኃ እየቀዳህ፣ እንጨት እየፈለጥህ ሳትቆም ልታዜመው ትችላለህ? ካልቻልህ ገና አልያዝኸውም። ቃሉን ለማስታወስ ስታመነታ ሰውነትህ ይቆማል፤ ከሰልፉ የምትቀረውም በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ያንኑ ቀለም (የዜማውን ቃል) በቁም፣ ማለት ያለ ውዝዋዜ፣ ደጋግመህ በለው፣ ከዚያ በዝማሜ። ወደ መረግድና ጽፋት አትቸኩል፤ በጽፋት ከበሮው ስለሚፈጥን ያልተስተካከለ እግር ይጋለጣል። ለአንተ የሚመቸው ወቅት ዐቢይ ጾም ነው፤ ከበሮና ጸናጽል አርፈው በመቋሚያ ብቻ ስለሚዘመም ስሕተትህን የሚሸፍን ድምፅ የለም።

ከስልክ ላይ እያየህ አትቅዳ። የተክሌ አቋቋም ወደ ጎን ማዘንበል ይበዛዋል፤ አለቃ ገብረ ሐና ከጣና ሞገድ አይተው እንዳወጡት፣ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ ስላስተማረውም ስሙን እንደያዘ ይነገራል። የጎንደሩ ስልት ሌላ ነው። ሁለቱን ከቀላቀልህ ጎንህ ካለው ሰው ጋር መቋሚያ ትጋጫለህ። በደብርህ የሚቆመው የትኛው እንደሆነ መሪጌታውን ጠይቀህ እርሱኑ ያዝ።

ቦታውንም አስብ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቅኔ ማኅሌቱ ጠባብና የዞረ ነው፤ ሰፊ ሜዳ ላይ የለመድኸው ውዝዋዜ እዚያ ግድግዳ ይመታል። ቤትህም ስትለማመድ ግራና ቀኝህ ሰው የቆመ ያህል ክንድህን ሰብስብ።

ጉልበትህን ካመመህ ያን ቀን ተወው፤ ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ያስቆማል። ስትመለስም በሰልፉ ጫፍ አትቁም፤ በሁለት ነባር መዘምራን መካከል እንዲያቆሙህ የመዘምራኑን አለቆች፣ ግራ ጌታውን ወይም ቀኝ ጌታውን ለምን።