የተመረጠን ሰው ፕሮፖዛል ቃሉን ቀይሮ ስለመጠቀም

«ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሶፍትዌር) ፕሮግራም ባለፈው ዓመት አመልክቶ የተመረጠ ሰው የጻፈውን ፕሮፖዛል (የሥራ ዕቅድ ማመልከቻ) አገኘሁ። ሐሳቡን ይዤ ቃላቱን ብቀይር እንደ ስርቆት ይቆጠርብኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዎ እህቴ፣ ይቆጠርብሻል። ማንበቡ ችግር የለውም። ባለቤቶቹም የሚለጥፉት ሌላው እንዲማርበት ነው። ችግሩ አጠገብሽ ከፍተሽ እያየሽ ስትጽፊ ነው።

ለጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ጎግል ለጀማሪዎች እየከፈለ በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ላይ የሚያሠራበት ፕሮግራም) መጀመሪያ ያመለከትኩ ጊዜ ሦስት የተመረጡ ፕሮፖዛሎች ከፍቼ ነበር የጻፍኩት። አንድም ዓረፍተ ነገር እንዳለ አልገለበጥኩም። ረቂቁን ለሜንተሩ (አመልካቹን ለሚመራው የፕሮጀክቱ ባለሙያ) ላክሁ። የጊዜ ሰሌዳው ላይ «ቴስቱን ለምን 6ኛው ሳምንት ላይ አደረግከው?» የሚል ኮሜንት ጻፈልኝ። መልስ አልነበረኝም። መስመሩን ያመጣሁት ከሌላ ሰው ነዋ! ያ ሰው ቴስቱን ያዘገየው መጀመሪያ ዳታቤዙን መቀየር ስለነበረበት ነው። የእኔ ሥራ ውስጥ ደግሞ ዳታቤዝ የሚባል ነገር የለም። በጣም አፈርኩ። እውነቱን ነገርኩትና ሰሌዳውን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኩ።

በኋላ በሌላ ፕሮጀክት ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዱ ሆንኩ። አንድ አመልካች «በ3ኛው ሳምንት አስተካክለዋለሁ» ያለው ስህተት ድሮ ተስተካክሎ፣ ኢሹውም (ስህተቱ የተመዘገበበት ገጽ) ተዘግቶ ነበር። የጠቀሰው የፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ስም እንኳ ከመቀየሩ በፊት የነበረው ነው። ቃላቱ በሙሉ የራሱ ናቸው፤ ዕቅዱ ግን የሰው። ኮድ የሚችል ልጅ ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ አንብቢና ዝጊው። አንድ ቀን ይለፍ። ከዚያ ፕሮጀክቱን ኮምፒውተርሽ ላይ አስነሺ፣ አንድ ትንሽ ኢሹ ፍቺ፣ የት የት ላይ እንደተቸገርሽ ማስታወሻ ያዢ። ፕሮፖዛልሽ የሚወጣው ከዚያ ማስታወሻ ነው። ከሌላ ሰው የወሰድሽው ሐሳብ ካለም እዚያው ግለጪው፦ «ይህን አካሄድ ያየሁት ከእገሌ ፕሮፖዛል ነው፤ እኔ ግን ይህን ክፍል በዚህ ምክንያት እቀይረዋለሁ» ብለሽ። ይህን ያየ ሜንተር ሲከፋው አላጋጠመኝም። እንዲያውም አንብበሽ እንዳሰብሽበት ያያል።

ኮዱም እንደዚያው ነው። ክፍት ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ቀላል የሚባለው ኤምአይቲ ላይሰንስ (የኮድ አጠቃቀም ፈቃድ) እንኳ የባለቤቱ የኮፒራይት ማስታወቂያ አብሮ እንዲሄድ ያስገድዳል። አውትሪቺ (ሌላው የኦፕን ሶርስ የሥራ ልምምድ ፕሮግራም) ላይ ደግሞ ብዙ አመልካች አንድ ፕሮጀክት ላይ ይረባረባል። ሌላው የጀመረውን ፑል ሪኩዌስት (ኮዱ ላይ እንዲገባ የቀረበ ለውጥ) ወስደሽ በራስሽ ስም እንዳትልኪ። ከሌላ ሰው ጋር አብራችሁ ከሠራችሁ የእሱንም ስም ኮሚቱ (የለውጡ መዝገብ) ላይ አስገቢ።

ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) በተመለከተ የፕሮጀክቱን ደንብ ቀድመሽ አንብቢ። ለምሳሌ ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት በ2024 በኤአይ የተሠራ ኮድ እንደማይቀበል ወስኗል።

ረቂቁን ስትጨርሺ የእያንዳንዱን ሳምንት ዕቅድ እያየሽ «ለምን እዚህ ጋ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ጮክ ብለሽ መመለስ ያቃተሽን መስመር አውጪው። ከፈለግሽ ለእኔም ላኪልኝ፤ የጊዜ ሰሌዳውን አብረን እናየዋለን።